«ሰው ሁሉ» ወይስ «ሁላችን»፦ የማንዴራው አውቶቡስ በታሪክና በፊልም

በ2017 የወጣው «ዋቱ ዎቴ» የተሰኘ አጭር ድራማ ፊልም ርእሱን የወሰደው ከስዋሂሊ ነው። «ዋቱ» ሰዎች ማለት ሲሆን፣ «ዎቴ» ደግሞ «ሁሉ» የሚለው ቃል ከሰዎች የስም ምድብ ጋር ተስማምቶ የሚይዘው ቅርጽ ነው። ሐረጉ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «ሰዎች ሁሉ»፣ በአማርኛ ለዛ ደግሞ «ሰው ሁሉ» ይሆናል። ፊልሙ ለዓለም አቀፍ ተመልካች ሲቀርብ ከስዋሂሊው ጎን የተሰጠው የእንግሊዝኛ ርእስ ግን የሚለው «ሁላችን» ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስዋሂሊ «ሁላችን» ለማለት «ሲሲ ሶቴ» የሚል የራሱ አባባል አለው። ርእሱ በአንደኛው ቋንቋ በሦስተኛ መደብ ስለ ሰዎች ይናገራል፤ በሌላኛው ተናጋሪው ራሱን ከሚነገርላቸው መካከል ያስገባል። ጉዳዩ የርእስ ትርጉም ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ ባላነጋገረ ነበር። ነገር ግን ፊልሙ የሚተርከው ድርጊት ራሱ «እኛ» የሚለው ቃል ማንን ይጨምራል፣ ማንን ያስቀራል የሚለው ጥያቄ በጠመንጃ አፈሙዝ ፊት የቀረበበት ድርጊት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ዲሴምበር 21 ቀን 2015 ከናይሮቢ ወደ ማንዴራ ይጓዝ የነበረ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ኤል ዋቅ አቅራቢያ በአል ሸባብ ታጣቂዎች ተኩስ ቆመ። ታጣቂዎቹ ሙስሊሞቹ ከክርስቲያኖቹ እንዲለዩ አዘዙ። ሙስሊሞቹ ተሳፋሪዎች አንለይም አሉ። ሴቶች ሂጃባቸውን እያወለቁ ሙስሊም ላልሆኑት ሰጡ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የነበሩት ምክትል ርእሰ መምህር ሳላህ ፋራህ በኋላ ለመገናኛ ብዙኃን እንደመሰከሩት፣ ተሳፋሪዎቹ ለታጣቂዎቹ የሰጡት መልስ ወይ ሁሉንም በአንድ ላይ እንዲገድሏቸው ወይ እንዲተዉአቸው ነበር። በዕለቱ ሁለት ሰዎች ሞቱ፤ መምህሩም በጥይት ቆሰሉ። ከወር ገደማ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2016፣ ናይሮቢ ውስጥ በሕክምና ላይ ሳሉ ሕይወታቸው አለፈ።

እምቢታው ምን ያህል ከባድ እንደነበር የሚገባው ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ሲታወስ ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 2014 ከማንዴራ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ አውቶቡስ በዚያው አካባቢ ተይዞ፣ ሙስሊም ያልሆኑት ከሌሎቹ ተለይተው 28 ሰዎች ተገድለዋል። ከተገደሉት መካከል ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ለበዓል ወደ ቤታቸው የሚመለሱ መምህራን ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 2፣ በማንዴራ አቅራቢያ ድንጋይ የሚፈልጡ 36 ሠራተኞች ተገደሉ። ኤፕሪል 2 ቀን 2015 ደግሞ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰዎች አለቁ። እነዚህን ሁሉ የሚያስተሳስራቸው የመለየቱ ሥርዓት ነው፦ መጀመሪያ መጠየቅ፣ ከዚያ ማንበብ ወይም መቅራት የሚችለውንና የማይችለውን ማቆም፣ ከዚያ መግደል።

የቋንቋ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን ፈተና ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 ያውቀዋል። የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» እንዲል ያዝዙት ነበር፤ «ሲቦሌት» ያለ የኤፍሬም ሰው መሆኑ ታውቆ ይታረድ ነበር። አንዲት የ«ሽ» ድምፅ በሞትና በሕይወት መካከል ቆመች። በ1937 በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በሄይቲ ተወላጆች ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋም በአንድ የቅጠላ ቅጠል ስም፣ በውስጡም ባለው የ«ር» ድምፅ፣ ይታወሳል። በሁለቱም ምሳሌዎች ፈተናው የአነጋገር ዘዬ ነው፤ ምላስ ከሕፃንነት የለመደውን ይከዳል ተብሎ የታመነበት ነው።

የማንዴራው ፈተና በአንድ ነገር ከእነዚህ ይለያል። የተጠየቀው ድምፅ ሳይሆን ጽሑፍ ነው፦ ሸሃዳ፣ ወይም ከቁርኣን አንድ ክፍል። ቋንቋው ዐረብኛ ነው፤ ዐረብኛ ደግሞ የጠያቂዎቹም ሆነ የተጠያቂዎቹ የአፍ መፍቻ አይደለም። ሶማሊኛ ተናጋሪው ልጅ ዱግሲ ገብቶ በቃሉ ያጠናውን ይወጣዋል፤ የኪኩዩ ወይም የካምባ ተወላጅ የሆነው መምህር፣ በስዋሂሊ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የዐረብኛ ቃላትን በየቀኑ እየተናገረ፣ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይወድቃል። ስለዚህ ፈተናው ቋንቋን የሚፈትን ይመስላል እንጂ የሚፈትነው ልጅነት የት እንዳለፈ ነው። ከክርስቲያን ቤተሰብ ተወልዶ ሸሃዳን ያጠና ሰው ያልፋል፤ ሃይማኖቱን አጥብቆ የሚወድ ግን በፍርሃት ምላሱ የተሳሰረ ሙስሊም ላያልፍ ይችላል።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር አለ። የሺቦሌት ዓይነት ፈተና የሚሠራው ያለፈው ሰው ማለፉን ተቀብሎ ወደ ጎን ሲቆም ብቻ ነው። ጠያቂው ጥቂት ነው፤ ተጠያቂው ብዙ ነው። ያለፉት ካልተለዩ ያላለፉትን መለየት አይቻልም። በ2014 ያለፉት ሰዎች በዚህ ሊወቀሱ አይገባም፤ በሌሊት መንገድ ላይ፣ ምን እየተደረገ እንዳለ ሳይገለጥላቸው፣ ከራሳቸው ልጆች ጋር የነበሩ ሰዎች ናቸው። በ2015 የተደረገው ግን የፈተናውን ድብቅ መሠረት አወጣው። ማንም ሸሃዳ መቅራት አልከበደውም፤ ሁሉም ያለፉ መስለው መቅረባቸውም ብቻ አይደለም። ማለፍ የሚገባቸው ሰዎች ማለፍን እምቢ አሉ። በምሥራቅ አፍሪካ የቅርብ ታሪክ ውስጥ የዚህ ድርጊት ስፍራ ከመልካም ጉርብትና ወሬ በላይ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ምክንያቱም በዚያ አካባቢ ሰውን መለየት አል ሸባብ ያመጣው ነገር አይደለም። ማንዴራ የኬንያ፣ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ድንበሮች የሚገናኙበት ጥግ ላይ ያለች ከተማ ናት። በቅኝ ግዛት ዘመን «የሰሜን ድንበር ወረዳ» ይባል የነበረው አገር ከኬንያ ነጻነት በፊት በ1962 በተላከ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ፣ ሶማሊኛ ተናጋሪው ሕዝብ በአብዛኛው ከሶማሊያ ጋር መሆንን እንደሚሻ ገልጦ ነበር። ብሪታንያ አልተቀበለችውም። በ1963 መጨረሻ አዲሲቱ ኬንያ በወረዳው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ስታውጅ ለተነሣው ጦርነት የተሰጠው ስም «የሽፍታ ጦርነት» ነው፤ የአሩሻው ስምምነት በ1967 እስኪፈረም ዘልቋል።

እዚህ ላይ አማርኛ በቀጥታ ይገባል። በሰሜን ድንበር ያሉ የእንግሊዝ ሹማምንት ለወንበዴ የሚጠቀሙበት ቃል ከድንበሩ ማዶ የመጣው «ሽፍታ» ነበር፤ የኬንያ መንግሥትም ወረሰው። ቃሉ ግን ድንበር ሲሻገር ግማሽ ትርጉሙን ጥሎ ነው የሄደው። በአማርኛ «ሸፈተ» ከሹም መገዛት መውጣት ነው፤ በደል ደርሶበት ዱር የገባ፣ ነገ የሚታረቅ፣ ከነገ ወዲያ የሚነግሥም ሊሆን ይችላል። ከቋራ የተነሡት ካሣ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመባላቸው በፊት ሽፍታ ነበሩ። ልብ እንኳ ይሸፍታል። በኬንያ የመንግሥት ቋንቋ ውስጥ ይህ ሁሉ ጠፍቶ፣ «ሽፍታ» የፖለቲካ ጥያቄ የሌለው ቀማኛ ሆነ፤ ቀስ በቀስም የአንድ ሕዝብ መጠሪያ ለመሆን ጥቂት ቀረው። የውሰት ቃል ታሪክ ለሚያጠና ሰው፣ ትርጉም ሲጠብ የተናጋሪው ፍላጎት እንዴት እንደሚያጠበው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

የአስቸኳይ ጊዜው ሕግ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ እስከ 1991 ጸንቶ ቆየ። በፌብሩዋሪ 1984 የመንግሥት ወታደሮች በዋጂር አቅራቢያ የደጎዲያ ጎሣ ወንዶችን በጎሣቸው ለይተው ወደ ዋጋላ የአውሮፕላን ማረፊያ ሰበሰቧቸው፤ ከዚያ ብዙዎች አልተመለሱም። በ1989 ደግሞ የኬንያ ሶማሊዎች ዜግነታቸውን እንዲያስመሰክሩ ተጠርተው፣ ማጣሪያውን ላለፉ ከሌላው ዜጋ የተለየ ሮዝ ካርድ ተሰጣቸው። የሰሜን ሰው ወደ ናይሮቢ ሲጓዝ «ወደ ኬንያ እሄዳለሁ» ማለቱ ለደቡቡ ሰው እንደ ቀልድ ይሰማው ይሆናል፤ ከዚህ ታሪክ ጋር ሲነበብ ግን የቀልድ ወዙ ይደርቃል።

የኬንያ ጦር በኦክቶበር 2011 ወደ ሶማሊያ ሲገባ ዘመቻው «ሊንዳ ንቺ»፣ አገርን ጠብቅ፣ ተባለ። ጥቃቶቹ ከዚያ በኋላ በረቱ። በኤፕሪል 2014 በናይሮቢ ኢስትሌይ ሰፈር በሺዎች የሚቆጠሩ ሶማሊዎች እየታፈሱ ወደ ካሳራኒ ስታዲየም ሲወሰዱ የዘመቻው ስም በስዋሂሊ ቃል «ኡሳላማ» የሚል ነበር። ኡሳላማ ደኅንነት ነው፤ ሥሩ «ሰላም» የሚለው አማርኛ፣ «ኢስላም» የሚለውም ዐረብኛ የበቀሉበት ያው ስ-ል-ም ነው። ስሙን ያወጣው ሰው ይህን ማሰቡ ያጠራጥራል። ቃላት ግን ሰው ባያስባቸውም ዘመዶቻቸውን ይዘው ይዞራሉ።

አሸባሪነትን በሚሰይሙት ቃላትም ሦስቱ ቋንቋዎች የተለያየ መንገድ ይዘዋል። የስዋሂሊው «ጋይዲ» መዝገበ ቃላት ውስጥ ወንበዴ የሚል ፍቺም አለው፤ ከዚያ «ኡጋይዲ»፣ አሸባሪነት፣ ይወጣል። መነሻው ከሕግ መውጣት ነው። የሶማሊኛው «አርጋጊሂሶ» ግን መደንገጥን ከሚያመለክት ግስ በማስደረጊያ የተሠራ ነው፤ «አሸባሪ»ም «ተሸበረ» ከሚለው በተመሳሳይ ስልት ይወጣል። ሁለቱ የኩሽና የሴም ቋንቋዎች ድርጊቱን የሚሰይሙት በተጠቂው ልብ ውስጥ ከሚሆነው ነው። በአማርኛ ቃሉ ሌላም ታሪክ አለው፦ ደርግ «ቀይ ሽብር»ን በራሱ ስም አውጆ ነበር። ሽብር ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሥራ ብቻ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ፊልሙ ይህን ሁሉ በ22 ደቂቃ ውስጥ አይተርክም፤ እንዲተርክም አይጠበቅም። ያዘጋጀችው ጀርመናዊቷ ካትያ ቤንራት ስትሆን፣ ሥራው በሐምቡርግ የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት ቤት ለመመረቂያ የቀረበና ከኬንያ ባለሙያዎች ጋር ኬንያ ውስጥ የተሠራ ነው። የተማሪዎች ኦስካር የሚባለውን ሽልማት በ2017 አገኘ፤ በ2018 በተካሄደው 90ኛው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ላይም በአጭር ፊልም ዘርፍ ታጨ። (ያሸነፈው ስለ አንዲት መስማት የተሳናት ሕፃንና ስለ ምልክት ቋንቋ የሚናገር ሌላ ፊልም ነበር። በዚያ ዓመት ከታጩት ቢያንስ ሁለቱ ሰው በማያውቀው ቋንቋ መካከል ሲቆም ምን እንደሚሆን የሚጠይቁ መሆናቸው ለቋንቋ ሰው ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ ነው።) ንግግሩ በስዋሂሊና በሶማሊኛ ነው። ይህ ትንሽ ውሳኔ አይደለም። ከአውሮፓ መጥቶ ስለ አፍሪካ የሚሠራ ፊልም ሰዎቹን ሁሉ እንግሊዝኛ ማናገሩ የተለመደ በሆነበት ዘመን፣ የሁለቱን ቋንቋዎች ድንበር እንዳለ መተው ታሪኩን ከነሥጋው መተው ነው።

የፊልሙ ዐይን የሆነችው አደላይን ዋይሪሙ የምትጫወታት ጁዋ ናት። ጁዋ ዘመድ ለመጠየቅ አውቶቡስ የተሳፈረች ተራ ክርስቲያን ሴት ናት፤ በሙስሊም ተሳፋሪዎች መካከል አትመቻትም፣ ጥርጣሬዋንም አትሸሽግም። አብዲዋሊ ፋራህ የሚጫወቱት መምህር ሳላህ በእውነተኛው ሰው ስም የተጠሩ ናቸው። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ አንድ ታሪካዊ ሰውና አንዲት የፈጠራ ሰው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ታሪኩም የሚነገረው በፈጠራዋ በኩል ነው።

ይህ ምርጫ የሚያስገኘውም የሚያስከፍለውም አለ። የሚያስገኘው ግልጽ ነው። ጁዋ የደቡቡ ሰው ናት፤ ስዋሂሊ ትናገራለች፤ በዙሪያዋ የሚነገረው ሶማሊኛ ደግሞ ለእርሷ ድምፅ ብቻ ነው። ከኬንያ ውጭ ያለ ተመልካች ሁለቱንም ስለማይሰማ ከእርሷ ጋር አብሮ ይፈራል። ነገር ግን የግርጌው ጽሑፍ እዚህ ላይ አንድ ተንኮል ይሠራል፦ ስዋሂሊውንም ሶማሊኛውንም በአንድ ቋንቋ ፊደል ስለሚያሰፍር፣ ተመልካቹ ጁዋ ያልገባትን ይረዳል። የስዋሂሊ ተናጋሪ የሆነ ተመልካች የግርጌውን ጽሑፍ ባያይ ኖሮ ከጁዋ ጋር ጨለማ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ ሶማሊኛ ተናጋሪውም ጁዋ የምትፈራውን ንግግር እንደ ተራ የመንገድ ወግ ይሰማው ነበር። አንድ ፊልም፣ ሦስት አውቶቡስ። ፊልሙን በክፍል ውስጥ የሚያሳይ መምህር የግርጌውን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ሸፍኖ ቢያሳይ፣ ስለ ድንበር ቋንቋዎች ብዙ ገጽ ከሚያስነብበው የበለጠ ያስተምራል።

የሚያስከፍለው ደግሞ ይህ ነው፦ በታሪኩ ውስጥ እምቢ ያሉት ብዙዎች ናቸው፤ በፊልሙ ውስጥ ግን የሚለወጠው ልብ የጁዋ ልብ ነው። ድርጊቱን የፈጸሙት ሙስሊሞች መሆናቸው አልተደበቀም፤ ሆኖም ድርጊቱ እርሷ የምትማርበት ነገር ሆኗል። በተለይ ሂጃባቸውን ያወለቁት ሴቶች ነገር ያሳስባል። ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ታጣቂ ፊት ራስን ገልጦ መቆም በራሱ ሌላ የሞት በር ነው። የሰጪዋ አደጋ ከተቀባይዋ አደጋ ቢያንስ እንኳ በብዙ አያንስም። እነዚህ ሴቶች በዜና ዘገባው ውስጥ ስም የላቸውም፤ በፊልሙም ስም ያገኘችው የተሸፈነችው ናት። ስለ ተራ ሴት ጽናት የሚናገር ፊልም ተራዎቹን ሴቶች ከበስተጀርባ ማስቀመጡ ያሳዝናል። ስሟ ራሱ በስዋሂሊ ሁለት ነገር ነው፦ በስምነቱ ፀሐይ፣ በግስነቱ «እወቅ» ወይም «እወቂ» የሚል ትእዛዝ። ሁለተኛው ፍቺ ታስቦበት ከሆነ፣ ትእዛዙ የተሰጠው ለእርሷ እንጂ ለሌሎቹ አለመሆኑ ከላይ የተባለውን ያጠነክራል።

ወደ ርእሱ ሲመለስ ግን የፊልሙ ስዋሂሊ ከእንግሊዝኛው የሚሻልበት ምክንያት አለ። የስዋሂሊው «-ኦቴ» ብቻውን አይቆምም፤ የሚጠቀልለውን ነገር ምድብ ወይም መደብ ከፊቱ ይይዛል፦ «ሶቴ» ሁላችን፣ «ኞቴ» ሁላችሁ፣ «ዎቴ» ሁላቸው። አማርኛም የሚሠራው በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ስዋሂሊ ከፊት የሚያስቀምጠውን አማርኛ ከኋላ መቀጠሉ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች «ሁሉ»ን ሲናገሩ «የማን ሁሉ?» የሚለውን አብረው ይመልሳሉ። በዕለት ተዕለት የኬንያ ስዋሂሊ ደግሞ «ሲሲ ሶቴ» ማለት እየቀረ «ሲሲ ዎቴ» ይባላል፤ ለአንደኛ መደብ የተለየው ቅርጽ ለሰው ሁሉ በሚሆነው እየተተካ ነው። ሰዋስው ጠባቂዎች ስሕተት ይሉታል። በዚህ አነጋገር ግን «እኛ» እና «ሰዎች» አንድ «ሁሉ»ን ይጋራሉ፤ ስለዚህ «ዋቱ ዎቴ» ለናይሮቢ ጆሮ ከ«እኛ ሁሉ» ብዙም አይርቅም።

ሶማሊኛ ደግሞ አማርኛም ስዋሂሊም የሌላቸውን ነገር ይዟል። በሶማሊኛ «እኛ» ሁለት ነው። «ኢናጋ» (ና ጠብቆ) አካታች ነው፤ የሚሰማውን ሰው ይጨምራል፦ እኔም አንተም። «አናጋ» (ና ጠብቆ) አግላይ ነው፤ እኔና የእኔ ወገን፣ አንተን ሳይጨምር። ልዩነቱ በተሳቢው ተውላጠ ስምም ይታያል፦ «ኢና» አካታች፣ «ና» አግላይ። በሁሉም ተናጋሪዎች ዘንድ እኩል ባይጠበቅም የቋንቋው ሥርዓት ይህ ነው። እንግዲህ ከአውቶቡሱ የወጣው መልስ በሶማሊኛ ሲታሰብ፣ ለታጣቂዎቹ የተነገረው «እኛን» አግላይ መሆኑ ግድ ነው፤ ገዳዩ ራሱን አይገድልምና ከ«እኛ» ውጭ ነው። ነገር ግን ያ አግላይ «እኛ» የተሰመረው ታጣቂዎቹ በጠበቁት ቦታ አልነበረም። እነርሱ በሶማሊኛቸው ለተሳፋሪዎቹ ያቀረቡት ግብዣ፣ ቃሉ ቢነገርም ባይነገርም፣ የአካታቹ ግብዣ ነበር፦ እናንተና እኛ አንድ ነን፣ ሌሎቹን አውጡልን። መልሱ ቋንቋ የሚጋሯቸውን፣ ሃይማኖት የሚጋሯቸውን፣ ምናልባትም ጎሣ የሚጋሯቸውን ከ«እኛ» አስወጥቶ፣ ሶማሊኛ የማይሰሙትን የደቡብ ሰዎች አስገባ። የሽፍታ ጦርነት፣ የዋጋላና የሮዝ ካርዱ ታሪክ ያለበት ሕዝብ ይህን መስመር እንዲህ መሳሉ ነው ክብደቱ።

ለደቡቡም ውጤት ነበረው። ከ2014ቱ ግድያ በኋላ ብዙ መምህራን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትምህርት ቤቶች አንመለስም ብለው ነበር። በ2010ሩ ሕገ መንግሥት ስዋሂሊ የኬንያ ብሔራዊ ቋንቋ ነው፤ ማንዴራ ላይ ግን የሚኖረው በመምህራን አፍ ነበር። ሳላህ ፋራህ ራሳቸው የትምህርት ቤት ሰው መሆናቸው እዚህ ላይ ይታወሳል።

ፊልሙ በአማርኛ የግርጌ ትርጉም ቢሰጠው ተርጓሚውን የሚጠብቀው ሥራ ቀላል አይደለም። ርእሱን «ሁላችን» ማለት የእንግሊዝኛውን መከተል ነው፤ «ሰው ሁሉ» ማለት ለስዋሂሊው ይታመናል፤ ከዚህም በላይ በአማርኛ «ሰው» ነጠላ ሆኖ ብዙ የሚያደርግ ቃል ስለሆነ ሐረጉ የምሳሌያዊ አነጋገር መዓዛ ያገኛል። ሁለተኛው ይሻላል። የሶማሊኛው ንግግር ግን በአንድ «እኛ» ሲመለስ የሚጎድለውን ለመሙላት ተርጓሚው አንዳንድ ቦታ «እኛና እናንተ»፣ ሌላ ቦታ «እኛ ብቻችንን» እያለ መጨመር ይኖርበታል። የግርጌ ጽሑፍ ደግሞ ቦታ አይሰጥም፤ በአንድ ጊዜ ሁለት መስመር ብቻ፣ እሱም ለጥቂት ሰከንድ።